ከግራም ወደ ግራም፦ የአንድ የክረምት ኬሚስትሪ ማስጠኛ ግምገማ

በዚህ ክረምት 10ኛ ክፍል ለመግባት የምትዘጋጀውን ልጄን መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አንድ የማስጠኛ ማዕከል ለስድስት ሳምንታት የኬሚስትሪ ቱቶሪያል አስመዝግቤያት ነበር። ማዕከሉ ይህን ትምህርት ከሌሎቹ ለይቶ የሚያስተዋውቀው በአንድ ርዕስ ላይ ብቻ እንደሚያተኩር በመግለጽ ነው፤ ርዕሱም ከተመጣጠነ ኬሚካላዊ እኩልታ ተነሥቶ የሚገኘውን ውጤት መጠነ ቁስ፣ ማለትም በግራም የሚለካውን መጠኑን፣ ማስላት፣ ተማሪዎች በአጭሩ «ማስ ቱ ማስ» የሚሉት ስሌት ነው። እኔ ራሴ ለበርካታ ዓመታት በላቦራቶሪ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ፣ ተማሪዎች በዚህ ርዕስ ላይ የሚቸገሩት ሒሳቡ ከብዷቸው ሳይሆን የሚያካፍሉትና የሚያባዙት ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቁ ስለሚሠሩት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አስተዳደሩን አስፈቅጄ ከአሥራ ሁለቱ ክፍለ ጊዜያት በአራቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታትያለሁ፤ ለተማሪዎች የተሰጠውን ሃንድአውትም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሠርቼዋለሁ። የማዕከሉን ስም ያልጠቀስኩት መምህሩ በሌሎች ማስጠኛዎችም ስለሚያስተምሩና ሃንድአውቱ ከማዕከል ወደ ማዕከል በፎቶ ኮፒ ስለሚዞር፣ አስተያየቴ ለአንድ በር ብቻ የሚሆን ስላልመሰለኝ ነው።

ስለ ቦታው ብዙ የምለው የለኝም። ክፍሉ ሃያ ሁለት ተማሪዎችን የሚይዘው ተጨናንቆ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ የነሐሴ ዝናብ ሲበረታ መምህሩ ማስረዳታቸውን አቁመው በሰሌዳው ላይ መጻፍ ብቻ ይቀራቸዋል። ክፍያው ለስድስቱ ሳምንታት 3,600 ብር ሲሆን ሃንድአውቱ በውስጡ ተካቷል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያለፈው አንድም ግራም ሳይጠራ ነበር፤ ይህንንም የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። መምህሩ የአልሙኒየምንና የኦክስጅንን አጸግብሮት (ሪአክሽን) በሰሌዳው ላይ ጽፈው አራት አልሙኒየም ከሦስት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር ተዋሕዶ ሁለት አልሙኒየም ኦክሳይድ እንደሚሰጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው አመጣጥነው እንዲደርሱበት አደረጉ። ከዚያም ሆን ብለው የተሳሳተ ነገር ጻፉ፤ አራት ግራም አልሙኒየምና ሦስት ግራም ኦክስጅን ሁለት ግራም አልሙኒየም ኦክሳይድ ይሰጣሉ አሉና ክፍሉን ዞር ብለው እያዩ ዝም አሉ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ አምስቱ ግራም የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ የጠበቁት ይህንኑ ጥያቄ ስለነበር፣ ከእኩልታው ፊት ለፊት የሚጻፉት ቁጥሮች የሚቆጥሩ እንጂ የሚመዝኑ እንዳልሆኑ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የገባው መጠነ ቁስ ሁሉ ቅርጹን ቀይሮ መውጣት እንዳለበት፣ ይህንንም ላቮይዜ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በሚዛን እየለካ እንዳሳየ ከዚያ በመነሣት አስረዱ። እኔ በተማርኩበት ዘመን ይህ ሕግ የተነገረን እንደ ጥቅስ ሆኖ በቃል የሚጠና ነበር። እዚህ ግን የጎደለውን አምስት ግራም ለማግኘት የሚያስፈልግ መሣሪያ ሆኖ ቀረበ፤ ልጄም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘችውን መልስ ደምራ ሳታመሳክር አልፋ አታውቅም።

ሞል የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ያስገቡት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ምሳሌያቸው ከመርካቶ የተወሰደ ነው፤ አንድ ደርዘን ደብተርና አንድ ደርዘን እስክሪብቶ ቁጥራቸው እኩል ቢሆንም ተሸካሚው የሚሰማው ክብደት አንድ አይደለም። ሞልም ደርዘን እንደሚባለው የቁጥር ስም ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ እጅግ ግዙፍ መሆኑ ብቻ ነው። (ሃንድአውቱ ሞልን አሁንም በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ባሉት አተሞች ብዛት ይተረጉመዋል። ከግንቦት 2011 ዓ.ም. ወዲህ ትርጓሜው ተቀይሮ በቀጥታ 6.02214076 ሲባዛ በ10 23ኛ ኃይል ሆኗል። ለ10ኛ ክፍል ስሌት የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ነገር ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚታተም ጽሑፍ እስካሁን ሊያስተካክለው ይገባ ነበር።) ከዚህ በኋላ መንገዱ ሦስት እርምጃ ብቻ ሆነ፤ የተሰጠውን ግራም በሞላር መጠነ ቁሱ፣ ማለትም አንዱ ሞል በሚመዝነው ግራም፣ አካፍሎ ወደ ሞል መለወጥ፣ ሞሉን በተመጣጠነው እኩልታ ቁጥሮች አማካይነት ወደ ውጤቱ ሞል ማሻገር፣ በመጨረሻም የውጤቱን ሞል በራሱ ሞላር መጠነ ቁስ አባዝቶ ወደ ግራም መመለስ።

ለማለማመጃ የመረጡት የኖራ ድንጋይ ነበር። ካልሲየም ካርቦኔት በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ኖራ፣ እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ አንዱ ሞል 100 ግራም የሚመዝነው ድንጋይ ወደ 56 ግራም ኖራና 44 ግራም ጋዝ ይከፈላል። 25 ግራም ድንጋይ ሩብ ሞል ስለሆነ 14 ግራም ኖራ ይወጣዋል። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ የተለመደ ትምህርት በሆነ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጥያቄውን ወደ ምድጃው አፍ ወሰዱት። ድንጋዩ 250 ኪሎ ግራም ቢሆንና ከውስጡ ካልሲየም ካርቦኔት የሆነው 90 በመቶው ብቻ ቢሆን ምን ያህል ኖራ ይጠበቃል? አብዛኛው ተማሪ 140 ኪሎ ግራም ብሎ መለሰ። ትክክለኛው መልስ 126 ነው፤ ምክንያቱም ወደ ስሌቱ የሚገባው 225 ኪሎ ግራሙ ብቻ ሲሆን የቀረው 25 ኪሎ ግራም በእኩልታው ውስጥ ስም የሌለው አፈርና አሸዋ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ሰዎች በየቀኑ የሚያስቡት በዚህ መንገድ ነውና፣ የመማሪያው ክፍል ከሥራው ዓለም ጋር የተገናኘበት ጊዜ ይህ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ከሁሉ የበለጠ የረካሁት ግን ወሳኝ የሆነውን አጸግባሪ መለየት፣ በተማሪዎቹ አጠራር ሊሚቲንግ ሪአክታንት፣ በተማሩበት አራተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሁለት ነገሮች በግራም ሲሰጧቸው በግራም ያነሰውን ቀድሞ የሚያልቅ አድርገው ይወስዱታል፤ ብዙ የጥያቄ ስብስቦችም ይህን ስሕተት የማያጋልጡ ቁጥሮችን ስለሚመርጡ ተማሪው በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛ መልስ ላይ ይደርሳል። መምህሩ 14 ግራም ናይትሮጅንንና 6 ግራም ሃይድሮጅንን አቀረቡ፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ አሞኒያ ይሰጣሉ። ለዓይን የሚያንሰው ሃይድሮጅኑ ነው። ወደ ሞል ሲለወጥ ግን ናይትሮጅኑ ግማሽ ሞል፣ ሃይድሮጅኑ ሦስት ሞል ይሆናል፤ እኩልታው ለአንድ ናይትሮጅን ሦስት ሃይድሮጅን ስለሚጠይቅ ግማሽ ሞል ናይትሮጅን የሚፈልገው አንድ ሞል ተኩል ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ከብዶ የታየው ናይትሮጅን ሲሆን፣ 17 ግራም አሞኒያ ይገኛል፤ 3 ግራም ሃይድሮጅንም ሳይነካ ይተርፋል። አሥራ ሰባትና ሦስት ተደምረው ከመጀመሪያው ሃያ ግራም ጋር ሲገጥሙ ክፍሉ ውስጥ የተሰማው የመደነቅ ድምፅ ዝናቡን አሸንፎ ነበር። ልጄ ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቁጥሮቹን እየቀያየረች መቼ ሃይድሮጅኑ ቀድሞ እንደሚያልቅ ስትፈትሽ ቆየች፤ ገንዘቤ የት እንደገባ ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ማዕከሉ በማስታወቂያው ላይ «የተግባር ሙከራ ያለው» ይላል። ሙከራው አንድ ብቻ ስለሆነ አባባሉ የተጋነነ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ አንዱ ሙከራ ጥሩ ነበር። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ቤኪንግ ሶዳ፣ አቼቶ፣ አንድ የላስቲክ ጆግና ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ቀረቡ። ተማሪዎቹ 8.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ለኩ፤ ይህም የሶዲየም ባይካርቦኔት አንድ አሥረኛ ሞል ነው። አቼቶው 5 በመቶ አሲድ ያለበት ስለሆነ ለዚህ የሚበቃውን 6 ግራም አሴቲክ አሲድ ለማግኘት 120 ግራም አቼቶ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው አሰሉ፤ አሲዱ እንዳያንስ ጥቂት ጨመሩበት። ከስሌቱ የሚጠበቀው 4.4 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ሆኖ እንዲወጣና ሚዛኑ በዚያው ልክ እንዲቀንስ ነበር። ሚዛኑ የቀነሰው 3.9 ግራም ነው። መምህሩ ቁጥሩን ለማሳመር አልሞከሩም፤ ከሚጠበቀው 89 በመቶ ያህሉ መታየቱን ጻፉና የቀረው የት እንዳለ ጠየቁ። ከፊሉ ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ መቅረቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ገመቱ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከፊሉ በጆጉ ውስጥ ተኝቶ ሚዛኑን መጫኑን እንደሚቀጥል ግን የጨመሩላቸው መምህሩ ናቸው። አንዷ ተማሪ ጆጉን ዘንበል አድርጋ ስታራግበው ሚዛኑ ትንሽ ወረደ። በስሌት የተገኘ ውጤትና በእጅ የተገኘ ውጤት ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በዚህ ዋጋ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ሃንድአውቱ ሲሆን፣ አስተያየቴም ይለወጣል። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርትና በእጅ የሚሰጠው ጽሑፍ በአንድ ሰው የተዘጋጁ አይመስሉም፤ ስጠይቅም እንዳልሆኑ ተነገረኝ። ጽሑፉ ሦስቱን እርምጃዎች በግማሽ ገጽ አሳልፎ «የአቋራጭ ቀመር» የሚል ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ቀመሩ የተሰጠውን ግራም በሞላር መጠነ ቁሱና በእኩልታው ቁጥር አካፍሎ ከውጤቱ ጋር ያስተካክላል። ቀመሩ በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ሦስቱን እርምጃዎች በአንድ መስመር የጠቀለለ ነውና። ችግሩ ተማሪው ጥቅሉን ሳይፈታ መሸመደዱ ነው፤ ሁለት አጸግባሪዎች በአንድ ጊዜ ሲሰጡት ወይም ንጽሕናው 90 በመቶ ነው ሲባል ቀመሩ የት እንደሚጀምር አያውቅም። የከፋው ደግሞ ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ራሱ በቀመሩ መሳሳቱ ነው። በ31ኛው ገጽ 5.4 ግራም አልሙኒየም በበቂ ኦክስጅን ሲቃጠል ስንት ግራም አልሙኒየም ኦክሳይድ ይገኛል ይልና 20.4 ግራም ብሎ ይመልሳል። አልሙኒየሙ 0.2 ሞል ነው፤ አራት አልሙኒየም ሁለት ኦክሳይድ ስለሚሰጥ ውጤቱ 0.1 ሞል፣ ማለትም 10.2 ግራም መሆን ነበረበት። ጸሐፊው የእኩልታውን ቁጥሮች ረስቶ አንድ ለአንድ አድርጎታል። በመጀመሪያው ቀን የተማሩት ማመሳከሪያ ይህን ወዲያው ያጋልጠዋል፤ 20.4 ትክክል ቢሆን 5.4 ግራሙ አልሙኒየም 15 ግራም ኦክስጅን ስቧል ማለት ነው፤ እኩልታው ግን ለዚህ መጠን የሚፈቅደው 4.8 ግራም ብቻ ነው።

ሌላው ስሕተት ረቀቅ ያለ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ከሁሉ የበለጠ ሊነገረው የሚገባ ይመስለኛል። ሃንድአውቱ የሚወጣውን ጋዝ ከግራም ይልቅ በሊትር የሚጠይቁ ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ በስድስቱም አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል ብሎ ይሠራል። በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ግን ሙከራው «በክፍላችን ውስጥ» እንደተሠራ ተጽፏል። 22.4 ሊትር የሚሠራው ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱም በባሕር ወለል ላይ እንዳለው አንድ አትሞስፌር ሲሆን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ እዚህ ከ31 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። ከ22.4 ሊትር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወደ 40 በመቶ ይደርሳል። ግራም ግን ከፍታ አይገደውም፤ 4.4 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምጽዋም ሆነ እንጦጦ ላይ 4.4 ግራም ነው። ኬሚስቶች ሒሳባቸውን በሊትር ከመሥራት በመጠነ ቁስ መሥራትን የሚመርጡበት ምክንያት ይኸው ስለሆነ፣ መምህሩ በአንድ አረፍተ ነገር ቢጠቅሱት እንኳ ለርዕሱ ትልቅ ድጋፍ በሆነው ነበር።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። መምህሩ የሚያስረዱት በአማርኛ፣ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ይህን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ አንዳንዴ መጠነ ቁስ፣ አንዳንዴ ማስ፣ አንዳንዴም ክብደት እያሉ ሦስቱን ለአንድ ነገር ይጠቀማሉ። በፊዚክስ ክፍል ክብደት በኒውተን የሚለካ ኃይል መሆኑን ለተማሩ ልጆች ይህ ግራ ያጋባል፤ ልጄም ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ቃሉን በመጀመሪያው ቀን ወስነው እስከ መጨረሻው ቢይዙት መልካም ነው።

አስተዳደሩ ለቅሬታ የሚሰጠው ምላሽ ከጠበቅሁት የተሻለ ነበር። በሃንድአውቱ ያገኘኋቸውን አራት ስሕተቶች በወረቀት ጽፌ ለጽሕፈት ቤቱ ስሰጥ ኃላፊዋ ተቀብለው አመሰገኑኝ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ የሞልን ትርጓሜና ሁለቱን የሊትር ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ አስተካከሉ። በመብራት መጥፋት ምክንያት የተሰረዘ አንድ ክፍለ ጊዜም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተካክሷል። በአንጻሩ የልጆቹ የቤት ሥራ ታርሞ የሚመለስላቸው እምብዛም አይደለም፤ ሃያ ሁለት ደብተር ለአንድ ሰው ብዙ መሆኑን ብረዳም፣ በዚህ ርዕስ ላይ የተማሪው ስሕተት የሚገኘው በመጨረሻው መልስ ሳይሆን በመካከለኛው እርምጃ ስለሆነ የመልስ ቁልፍ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። እኔ በቤት ውስጥ ማረም ስለምችል ልጄ አልተጎዳችም፤ ይህን ማድረግ የማይችል ወላጅ ግን ከመመዝገቡ በፊት የቤት ሥራውን ማን እንደሚያርም በግልጽ ይጠይቅ።

ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ግን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሄድበት ፍጥነት ዝግ ያለ ስለሆነና ሃንድአውቱ ለፈተና ልምምድ ስለማይታመን አልመክርም። ከጻፍኳቸው አራት ስሕተቶች ሦስቱ ታርመዋል፤ አራተኛው በፎቶ ኮፒው ላይ እንዳለ ነው። በመስከረም ለሚጀምረው ዙር የምትመዘገቡ ወላጆች ሃንድአውቱ እጃችሁ እንደገባ 31ኛውን ገጽ ገልጣችሁ 20.4ን ሰርዙና 10.2 ብላችሁ ጻፉበት።